በ68ኛ ተራ የገባው ተማሪ

ነገሩ የጀመረው በንባብ ስህተት ነው። ባለፈው ሴሚስተር በሂሳብ ትምህርት ክፍል በኩል ሳልፍ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ የሴሚናር ርዕስ ተለጥፎ አየሁ። ከረጅሙ ርዕስ ውስጥ ዓይኔ የያዘው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ማትሪክ። እንዴ፣ ስለ ማትሪክ ፈተና ሴሚናር አለ እንዴ ብዬ ጠጋ አልኩ። ለካ ማትሪክ ሳይሆን ሜትሪክ ኖሯል። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ በኮምፓክት ኮምፕሌክስ ማኒፎልዶች ላይ ስለሚገኙ ልዩ ሄርሚሽያን ሜትሪኮች የሚል ነው። ከአምስት ቃል አንዱንም አላውቀውም። አጠገቤ የቆመ የማስተርስ ተማሪ ግራ መጋባቴን አይቶ ሳቀና ሄርሚሽያን የሚለው ቃል ሻርል ሄርሚት ከሚባል ፈረንሳዊ ስም የመጣ መሆኑን ነገረኝ።

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለሆንኩ ይመስለኛል፣ ከሂሳቡ ይልቅ ሰውዬው ያዘኝ። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የሕይወት ታሪኩን ሳነብ ያ የንባብ ስህተቴ ያን ያህልም ስህተት እንዳልነበር ገባኝ። የዚህ ሰው ሕይወት ከወጣትነቱ ጀምሮ በፈተና የተፈተነ ነው። ያነበብኩትን ለእናንተ ላካፍል። በጽሑፉ ያሉት ዘመኖች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ፈረንሳዮቹ ራሳቸው «ሄ»ን ስለሚውጧት ስሙን ኤርሚት ነው የሚሉት፤ እኔ ግን ሄርሚሽያን ከሚለው ቃል ጋር እንዳይለያይብን ሄርሚት እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሻርል ሄርሚት ዲሴምበር 24 ቀን 1822 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በሎሬን ግዛት፣ ዲዮዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ ከሰባት ልጆች ስድስተኛው ነው። ዲዮዝ የጨው አገር ነች። አባቱ በምህንድስና የሰለጠነና በጨው ማምረቻው የሠራ ሰው ሲሆን በኋላ ግን የሚስቱን ቤተሰብ የጨርቅ ንግድ ያዘ። ንግዱ ሲሰፋ ቤተሰቡ ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ወደ ናንሲ ከተማ ተዛወረ። ሻርል ሲወለድ ቀኝ እግሩ ጉድለት ነበረበት። ዕድሜውን ሙሉ ሲያነክስና በከዘራ ሲሄድ ኖሯል። የጻፉለት ሰዎች ሁሉ ግን ጠባዩ ደስተኛ እንደነበር ይስማማሉ። ይህን እግር አትርሱት፣ እመለስበታለሁ።

ከናንሲ ወደ ፓሪስ ተልኮ በመጀመሪያ ሄንሪ አራተኛ፣ ቀጥሎም ሉዊ ለ ግራን በሚባሉት ታዋቂ ትምህርት ቤቶች ተማረ። በሉዊ ለ ግራን የሂሳብ መምህሩ ሪሻር የሚባል ሰው ነበር። ይህ መምህር ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ያስተማረው ሌላ ተማሪ ነበረው፤ ኤቫሪስት ጋሉዋ። ጋሉዋ ፖሊቴክኒክ ለመግባት ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ሁለቴም ወድቋል። በ1832 በሃያ ዓመቱ በሽጉጥ ግጥሚያ ተገደለ። ዛሬ የዘመናዊ አልጀብራ መሥራች ከሚባሉት አንዱ ነው። ሪሻር የጋሉዋን የክፍል ሥራዎች አልጣላቸውም ነበር፤ በጥንቃቄ አስቀምጦ በኋላ ለሄርሚት ሰጠው። ለአባቱም ልጅህ ትንሹ ላግራንዥ ነው ብሎ ነግሮት ነበር። ላግራንዥ ማለት ለዘመኑ የሂሳብ ሰዎች እንደ ታቦት የሚታይ ስም ነው።

ችግሩ ትንሹ ላግራንዥ ፈተና አይወድም። ክፍል ውስጥ የሚሰጠውን እየተወ የላግራንዥን ስለ እኩልታዎች የተጻፈ መጽሐፍና የጋውስን የቁጥር ንድፈ ሐሳብ ያነባል። እነዚህ ደግሞ ፈተና ላይ የሚመጡ አይደሉም። ለፖሊቴክኒክ መግቢያ አንድ ዓመት ሙሉ ሲዘጋጅ ረዳት አስጠኚ ሁሉ ነበረው፤ አስጠኚው በኋላ ራሱ ስመ ጥር የሆነው ካታላን ነው። በ1842 ተፈተነና አለፈ። ተራው ግን 68ኛ ሆነ።

እስኪ ቆም ብለን እናስበው። በዚያው በ1842 ገና ተማሪ ሳለ በአንድ የሂሳብ መጽሔት ላይ ሁለት ጽሑፎች አሳትሟል። አንዱ ስለ አምስተኛ ዲግሪ እኩልታ ነበር። የሁለተኛ ዲግሪ እኩልታ መፍቻ ቀመር ሁላችንም ሃይስኩል የሸመደድነው ነው። የሦስተኛውንና የአራተኛውን ጣሊያኖች በ16ኛው ክፍለ ዘመን አገኙ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ግን ቆመ፤ በመደመር፣ በማባዛት፣ በማካፈልና ሥር በማውጣት ብቻ የሚሠራ ቀመር ሊገኝለት እንደማይችል ኖርዌያዊው አቤል በ1824 አረጋገጠ። ሄርሚትም በጽሑፉ ይህንኑ ለማሳየት ሞክሯል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ላይ የሚታገል ልጅ በአገሪቱ መግቢያ ፈተና 67 ሰዎች ቀደሙት። የ67ቱን ስም እኔ አላገኘሁትም፣ ብዙ ሰውም የሚፈልገው አይመስለኝም።

ይህም ቢሆን ገብቷል። አንድ ዓመት እንደተማረ ግን ሌላ ነገር መጣ። በቀኝ እግሩ ምክንያት ትምህርቱን መቀጠል እንደማይችል ተነገረው። ፖሊቴክኒክ በጦር ሚኒስቴር ሥር ያለ፣ ምሩቃኑን ለጦር ሠራዊትና ለመንግሥት ምህንድስና የሚያሰልፍ ተቋም ነበር። ሲገባ እግሩን ያላዩት ይመስል፣ ከዓመት በኋላ አዩት። ተሰሚነት ያላቸው ሰዎች ጣልቃ ገብተው ውሳኔው ተሻረ፤ ግን ከባድ ቅድመ ሁኔታ ተያይዞበት ነው። ሄርሚት ቅድመ ሁኔታውን አልቀበልም ብሎ ያለ ዲግሪ ወጣ። ሃያ አንድ ዓመት ገደማው ነው፤ እኔ አሁን ያለሁበት ዕድሜ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን አምስት ዓመታት ብዙ አጭር የሕይወት ታሪኮች በአንድ መስመር ያልፏቸዋል። እኔ ግን ያደነቅሁት እነዚህን ነው። በ1843 መጀመሪያ ላይ፣ ገና ፖሊቴክኒክ ውስጥ ሳለ፣ ሊዩቪል በሚባለው ምሁር ምክር ለታላቁ ጀርመናዊ ለያኮቢ ስለ አቤሊያን ፈንክሽኖች ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ያኮቢ የሃያ ዓመቱን ልጅ ደብዳቤ እንደ እኩያ ሥራ ቆጠረው፤ በኋላም ከራሱ ሥራዎች ጋር አብሮ አሳተመው። ስለዚህ የሄርሚት ሁኔታ እንዲህ ነበር፤ በጀርመን በአውሮፓ አንደኛ ከሚባሉት ሰዎች ጋር ይጻጻፋል፣ በፈረንሳይ ደግሞ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። በርትራንድ ከሚባሉ ወንድማማቾች ጋር ተወዳጀ፣ ኋላም እህታቸውን ሉዊዝን አገባ። በመጨረሻም ለማስተማር የሚያበቃውን ባካሎሬያ የሚሉትን ፈተና ለመውሰድ ተቀመጠ። የሚያነበውን ትቶ ፈተናው የሚፈልገውን አጠና። በ1847 ለጥቂት አለፈ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1848፣ ሥራ አገኘ። የት መሰላችሁ? ፖሊቴክኒክ። ያውም የመግቢያ ፈተና ፈታኝ ሆኖ። ለተማሪነት ያልሆነችው እግር ለፈታኝነት ሆነች ማለት ነው። እኔ ብሆን ቂም ይዞኝ ነበር። እሱ ገብቶ ሠራ።

አሁን ወደ ሴሚናሩ ማስታወቂያ ልመለስ፤ ስሙ በዓለም ሁሉ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው በ1850ዎቹ አጋማሽ ባደረገው ነገር ነውና። እኔ እንደገባኝ ላስረዳ፣ የሂሳብ ልጆች ከተሳሳትኩ ታርሙኛላችሁ። ኮምፕሌክስ ቁጥር ማለት የተለመደው ቁጥር ላይ የምናባዊው ቁጥር የ«አይ» ብዜት የተደመረበት ነው፤ አይ በራሱ ሲባዛ ከዜሮ በታች አንድ ይሰጣል። ለምሳሌ ሦስት ሲደመር አራት አይ እንበል። ይህ ቁጥር ርዝመቱ ስንት ነው? በተለመደው መንገድ በራሱ ብናባዛው ከዜሮ በታች ሰባት ሲደመር 24 አይ ይሆናል። ይሄ ርዝመት ሊሆን አይችልም፤ ከዜሮ በታች ስንት ሜትር የሆነ ጨርቅ ማን ገዝቶ ያውቃል? ነገር ግን ቁጥሩን በራሱ ሳይሆን በመስታወት ምስሉ፣ ማለትም ሦስት ሲቀነስ አራት አይ በሆነው ብናባዛው ውጤቱ 25 ነው። ሥሩ 5። ይሄ ርዝመት ነው። ይህ የመስታወት ምስል ኮንጁጌት ይባላል።

ሄርሚት ይህን ነገር ወስዶ የቁጥር ንድፈ ሐሳብ ጥያቄዎችን ለመፍታት ብዙ ተለዋዋጮች ያሉባቸው አገላለጾች ውስጥ አስገባው፤ እያንዳንዱ ከራሱ ጋር ሳይሆን ከኮንጁጌት ጋር የሚባዛባቸው። ዛሬ ሄርሚሽያን ፎርም የምንላቸው እነዚህ ናቸው። በ1855 ደግሞ በዚህ ዓይነት የተደረደረ የቁጥር ሠንጠረዥ፣ ማለትም ማትሪክስ፣ በውስጡ ምንም ያህል ምናባዊ ቁጥር ቢኖርበት፣ መለያ እሴቶቹ ሁልጊዜ እውነተኛ ቁጥሮች መሆናቸውን አሳየ። ሰባ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ሰውዬው ከሞተ በኋላ፣ የኳንተም ፊዚክስ ሰዎች ይህንኑ ፈለጉት። መሣሪያ ላይ የሚነበብ ልኬት እውነተኛ ቁጥር መሆን ስላለበት፣ የሚለኩ ነገሮችን ሁሉ የሚወክሉት በሄርሚሽያን ነው።

በ1856 ሁለት ነገር ሆነ። በሠላሳ ሦስት ዓመቱ የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠ። በዚያው ዓመት ፈንጣጣ ይዞት ክፉኛ ታመመ። በሕመሙ ጊዜ ኮሺ፣ ሌላው ታላቅ የሂሳብ ሰው፣ አጠገቡ ነበር፤ ሄርሚት ወደ ካቶሊክ ሃይማኖቱ የተመለሰውም በኮሺ ተጽዕኖ ነው ይባላል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1858፣ የልጅነት ጥያቄውን ዘጋው። አምስተኛ ዲግሪ እኩልታ በተለመደው መንገድ አይፈታም፣ ልክ ነው። እሱ ግን ኤሊፕቲክ ፈንክሽን የሚባሉትን አምጥቶ በእነሱ ፈታው። የማይቻል የተባለው በዚያ መሣሪያ እንጂ በሁሉም መሣሪያ እንዳልሆነ አሳየ።

እንዲህም ሆኖ ፕሮፌሰርነት በቶሎ አላገኘም። በ1862 የክትባቱ ሰው ሉዊ ፓስተር ደግፎት በኤኮል ኖርማል የማስተማር ቦታ ተፈጠረለት። ሙሉ ፕሮፌሰር የሆነው በ1869 ነው፤ በፖሊቴክኒክና በሶርቦን። ዕድሜው አርባ ስድስት።

በ1873 ደግሞ ትልቁን ሥራውን ሠራ። «ኢ» ተብላ በምትጻፍ ፊደል የሚታወቅ ቁጥር አለ፤ 2.718 ብሎ ይቀጥላል፣ በወለድ ስሌትም በሕዝብ ቁጥር ዕድገትም ይመጣል። ሄርሚት ይህ ቁጥር ትራንሴንደንታል መሆኑን አረጋገጠ፤ ማለትም በሙሉ ቁጥሮች ብቻ የተሠራ የየትኛውም አልጀብራዊ እኩልታ መልስ ሊሆን አይችልም። ቀጣዩ ጥያቄ ግልጽ ነበር፤ ፓይስ? 3.14159 የሚለው የክብ ቁጥር። ሄርሚት ለአንድ ወዳጁ ጻፈና እሱ ይህን እንደማይሞክር፣ የሚሞክር ካለ ግን ብዙ ልፋት እንደሚጠብቀው ነገረው። በ1882 ጀርመናዊው ሊንደማን የሄርሚትን መንገድ ተከትሎ ሠራው። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የቆየው ጥያቄ፣ ክብን በማስመሪያና በኮምፓስ ወደ እኩል ስፋት ያለው አራት ማዕዘን የመቀየር ጉዳይ፣ እንደማይቻል ታወቀ። ሊንደማን ገነነ። በእኛ ሙያ ቋንቋ ምንጩን ያገኘው አንዱ ሆኖ በፊት ገጽ ስሙ የወጣው ሌላው ነው። ሊንደማን ላይ ግን አልፈርድም፤ በሩ ክፍት ነበር፣ ሄርሚት ራሱ አልገባበትም እንጂ።

ስለ ሄርሚት ካነበብኩት ሁሉ በጣም የነካኝ ግን ቲዮረም አይደለም፤ አንድ ሆላንዳዊ ነው። ቶማስ ስቲልትየስ ይባላል። በዴልፍት ፖሊቴክኒክ ሲማር ክፍል እየቀረ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጋውስንና ያኮቢን ሲያነብ ይውል ነበር። ታሪኩ አልመጣላችሁም? ሦስት ጊዜ ተፈትኖ ሦስቴም ወደቀ። ከዚያ በላይደን የከዋክብት መመልከቻ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። በ1882 ለሄርሚት ደብዳቤ ጻፈ፣ ሄርሚትም መለሰ። ሄርሚት ያኔ ስልሳ ሊሞላው ነው፣ የፈረንሳይ ሂሳብ አባት የሚባል ሰው ነው። በሌላ አገር ያለ ዲግሪ የሌለው ረዳት ሠራተኛ ደብዳቤ መመለስ ግዴታው አልነበረም። የሁለቱ መጻጻፍ አሥራ ሁለት ዓመት ቆየ፤ በአጠቃላይ 432 ደብዳቤዎች። በ1884 በግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው ቦታ ስቲልትየስን ዲግሪ ስለሌለው አመለጠው። በሄርሚት ድጋፍ ወደ ፈረንሳይ መጣ፣ በ1886 በፓሪስ ዶክትሬቱን ያዘ፣ ቱሉዝ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ዲሴምበር 31 ቀን 1894 በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ሞተ። ደብዳቤዎቹም የቆሙት በዚያው ነው።

ለሌሎችም እንዲሁ ነበር። በ1873 ሚታግ ሌፍለር የሚባል ወጣት ስዊድናዊ ከሄርሚት ሊማር ፓሪስ መጣ። ፈረንሳይና ፕሩሲያ ተዋግተው ገና ሁለት ዓመት ያለፈ ጊዜ ነው፤ የሄርሚት የትውልድ ከተማ ዲዮዝ እንኳ በ1871 ለጀርመን ተላልፋለች። ሄርሚት ግን ወጣቱን ወደ በርሊን፣ ወደ ቫይርስትራስ መሄድ ነበረብህ አለው። ከተማውን ለወሰዱበት ሰዎች አገር ተማሪ አሳልፎ መስጠት ማለት ነው። እኔ ለማንም አይቀለኝም ነበር። ከራሱ ተማሪዎች መካከል ደግሞ ፖዋንካሬ፣ አፔል፣ ፓንሌቬና ልጁን ያገባው ፒካር ይገኛሉ።

ፍጹም ሰው ነበር ለማለት ግን አልፈልግም። የማይወዳቸውን ነገሮች አጥብቆ ይጠላ ነበር። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ቫይርስትራስ የትም ቦታ ዴሪቬቲቭ የሌለው ግን ያልተቆራረጠ ፈንክሽን ሲያቀርብ፣ ሄርሚት እንዲህ ያለውን ነገር እንደ መቅሠፍት ነው ያየው፤ ለስቲልትየስ በጻፈው ደብዳቤ ፊቱን በድንጋጤ እንደሚያዞርበት ገልጿል። ዛሬ እነዚያ ፈንክሽኖች ከሂሳብ ትምህርት የሚወጡ አይደሉም። ጂኦሜትሪም አይወድም ነበር። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ምክንያቱም ያ የሴሚናር ማስታወቂያ የጂኦሜትሪ ማስታወቂያ ነው።

ሄርሚት ጃንዋሪ 14 ቀን 1901 በፓሪስ አረፈ። የሄርሚሽያን ነገር ወደ ጂኦሜትሪ ዋና መድረክ የገባው እሱ ካለፈ በኋላ ነው። ማኒፎልድ ማለት ቅርብ ሆኖ ሲያዩት ቀጥ ያለ ሜዳ የሚመስል፣ በጠቅላላው ግን የተጠማዘዘ ሥፍራ ነው፤ መሬት ላይ ቆመን ለጥ ያለ ሜዳ እንደምናይ፣ ከሩቅ ግን ኳስ እንደሆነች። ኮምፓክት የሚባለው ደግሞ እንደ ኳስ ገጽ ወደ ማለቂያ የሌለው ርቀት የማይሸሽና ጠርዝ የጎደለበት የማይሆን ነው። ኮምፕሌክስ ሲሆን አድራሻዎቹ በኮምፕሌክስ ቁጥር ይጻፋሉ። ሜትሪክ በየነጥቡ የምትቀመጥ ማስመሪያ ናት። ሄርሚሽያን ከሆነች ርዝመትን የምትለካው ያንን የመስታወት ምስል ተጠቅማ ነው። እንዲህ ያለ ማስመሪያ ለማንኛውም ኮምፕሌክስ ማኒፎልድ ይገኛል። ጥያቄው ጥሩ ጠባይ ያላት ትገኛለች ወይ ነው።

በ1933 ኤሪክ ኬህለር የሚባል ጀርመናዊ ከሄርሚሽያን ሜትሪኮች መካከል እጅግ የታረሙትን ለይቶ አወጣ። ሁሉም ሥፍራ እንዲህ ያለ ማስመሪያ ቢኖረው ጥሩ ነበር። በ1948 ግን ሆፕፍ ኮምፓክት ሆኖ የኬህለር ሜትሪክ ሊኖረው የማይችል ሥፍራ ሠርቶ አሳየ፤ ቅርጹ ራሱ አይፈቅድም። ከዚያ በኋላ ሰዎች የኬህለርን መሥፈርት ለማያሟሉት ሥፍራዎች ቀለል ያለ መሥፈርት መፈለግ ጀመሩ። በ1977 ፈረንሳዊው ጎዱሾን ለማንኛውም ኮምፓክት ኮምፕሌክስ ማኒፎልድ፣ ያለውን ሄርሚሽያን ሜትሪክ በየቦታው በተገቢው መጠን በመለጠጥ ወይም በማጥበብ፣ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ዓይነት ማግኘት እንደሚቻል አረጋገጠ። በ1982 ሚሼልሰን የተባለች አሜሪካዊት ሚዛናዊ የሚባሉትን አጠናች፤ እነዚህ በሁለቱ መካከል ያሉ ናቸው። ሴሚናሩ ላይ ልዩ የተባሉት ሜትሪኮች እነዚህና ዘመዶቻቸው ነበሩ። መሥፈርቱን ያላሟላ ሥፍራ ሁሉ ከንቱ አይደለም ብሎ መነሳት፣ እኔ ባነበብኩት የሄርሚት ታሪክ ላይ እንግዳ ሐሳብ አልሆነብኝም።

ሴሚናሩን ሄጄ አዳመጥኩት። ከኋላ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ተከተልኩ፣ ከዚያ ጠፋብኝ። ተናጋሪው በየመስመሩ ከፊደሎቹ አናት ላይ ትንሽ ሰረዝ ያደርግ ነበር። ሰረዟ ኮንጁጌት ማለት ናት፤ እሷን አወቅኋት። ሄርሚሽያን የሚለውን ቃል ከሰላሳ ጊዜ በላይ ጠራ፣ ቆጥሬዋለሁ። ሰውዬውን ግን አንድም ጊዜ አላነሳውም፣ ጊዜውም አልነበረውም።